ቡናማው ሙቅ ውኃ፦ በጅማ የአንድ መኖሪያ ቤት የጋራ ውኃ ማሞቂያ ጽዳትና ጥገና

ይህ የጉዳይ ጥናት በጅማ ከተማ መንደራ ቆጪ አካባቢ በሚገኝ አንድ ፎቅ ቤት ጣሪያ ላይ ተተክሎ ለሦስት መታጠቢያ ክፍሎችና ለአንድ ወጥ ቤት ሙቅ ውኃ የሚያቀርብ የፀሐይ ማሞቂያ ያጋጠመውን ብልሽት፣ ምክንያቱ የተለየበትን መንገድና የተደረገለትን ጽዳት ይዘረዝራል። በቤቱ ጡረታ የወጡ ባልና ሚስት፣ ሁለት ልጆቻቸውና በላይኛው ፎቅ በኪራይ የገቡ ሦስት ሰዎች ይኖራሉ። ጉዳዩን በጽሑፍ ማስፈር ያስፈለገው ብልሽቱ እንግዳ ስለሆነ አይደለም። የከተማ ቧንቧና የግቢ ጉድጓድ ውኃ ቀላቅሎ በሚጠቀም ቤት ሁሉ ሊደርስ የሚችል ሆኖ ሳለ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚታከመው ለሌላ ዓይነት ቆሻሻ በተዘጋጀ መድኃኒት በመሆኑ ነው።

ቤቱና ማሞቂያው

ማሞቂያው ባለፉት ዓመታት በየጣሪያው እየበዛ የመጣው ዓይነት ነው። ሃያ ባለ ሁለት ግድግዳ የመስታወት ቱቦዎች የፀሐዩን ሙቀት ይሰበስባሉ፤ ከቱቦዎቹ ራስ ላይ የተጋደመው 200 ሊትር የሚይዝ ታንከር የሞቀውን ውኃ ያጠራቅማል። የሚያዘዋውረው ፓምፕ የለም። በቱቦው ውስጥ የሞቀው ውኃ ስለሚቀል ወደ ታንከሩ ይወጣል፣ ቀዝቃዛው ስለሚከብድ በዚያው ቱቦ ቁልቁል ይወርዳል፣ ዑደቱም ፀሐይ እስካለች ድረስ ይቀጥላል። ታንከሩ ፀሐይ ለማትበቃበት ቀን 1.5 ኪሎዋት የሚስብ የኤሌክትሪክ ኤለመንት፣ ሙቀት የሚቆጣጠር ቴርሞስታት፣ እንዲሁም ብረቱን ከመበላት ለመጠበቅ ራሱ የሚበላ የማግኒዥየም ዘንግ አለው። ውኃ የሚያገኘው ሁለት ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ከተቀመጠ 1,000 ሊትር ሮቶ ሲሆን፣ ይህ ከፍታ የሚሰጠው ግፊት 0.2 ባር ገደማ ብቻ ነው። ግፊቱ እንዲህ ዝቅተኛ በመሆኑ በመንገዱ ላይ ያለች ትንሽ መዘጋት እንኳ ታችኛው ቧንቧ ድረስ ትሰማለች።

ሮቶው የሚሞላው ከከተማው መስመር ነው፤ የከተማው ውኃ ሲቋረጥ ደግሞ ግቢው ውስጥ ከተቆፈረው የእጅ ጉድጓድ በፓምፕ ይሞላል። ሁለቱም በአንድ ሮቶ ውስጥ ይገናኛሉ። ይህ አሠራር የተለመደና ምክንያታዊ ነው፤ ሆኖም የዚህ ቤት ችግር የሚጀምረው ከዚሁ ነው።

ቤቱ ውስጥ ጣሪያ ላይ ካለው የውኃ ማሞቂያ ውጭ ሌላ ማሞቂያ የለም። በጅማ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ሊወርድ ቢችልም ብርዱ በብርድ ልብስና በጋቢ የሚመለስ ስለሆነ ክፍል የሚያሞቅ መስመር የሚዘረጋ የለም። በብርዳማ አገሮች የቤት ማዕከላዊ ማሞቂያ ሲባል ቦይለር ያሞቀው ውኃ በየክፍሉ በተተከሉ ራዲያተሮች ውስጥ እየዞረ የሚመለስበት ዝግ ሥርዓት ነው። እዚያ ያው ውኃ ለዓመታት ይሽከረከራል፤ የሚፈጠረውም ቆሻሻ በአብዛኛው ከራዲያተሮቹ ብረት የሚመጣ፣ ማግኔት የሚስበው ጥቁር የብረት ኦክሳይድ ዝቃጭ ነው፤ ራዲያተሩ ከላይ ሞቆ ከታች ሲቀዘቅዝ የዝቃጩ ምልክት ይሆናል። መፍትሔውም መስመሩን በውኃ ማጠብ፣ ዝገት የሚገታ ኬሚካል መጨመርና ማግኔት ያለው ማጣሪያ መግጠም ነው። የእኛ ዓይነቱ ማሞቂያ ግን ክፍት ሥርዓት ነው፤ በየቀኑ አዲስ ውኃ ይገባል፣ የገባውም ሰው ገላ ላይ ይፈስሳል። ስለዚህ ዝገት የሚገታ ኬሚካል የማይታሰብ ነው፤ ቆሻሻውም በየቀኑ ከውጭ የሚገባ እንጂ ከውስጥ የሚወለድ ላይሆን ይችላል። ከኢንተርኔት የሚገኘው ምክር ብዙው ይህን ልዩነት ስለማያነሣ እንዳለ ተቀብሎ ሥራ ላይ ማዋል አያስኬድም።

የቀረበው ቅሬታ

ቤተሰቡ ለጥገናው ለተጠራነው ለእኛ የነገረን አንድ ነገር ብቻ አልነበረም። ኤለመንቱ ካልበራ በቀር፣ ጠዋት አንድ ሰው ታጥቦ ከወጣ በኋላ ለሚከተለው የሚቀረው ለብ ያለ ውኃ ነው። የሙቅ ውኃው ቧንቧ ሲከፈት መጀመሪያ የሚወርደው ቡናማ ስለሆነ ነጭ ፎጣ ያበላሻል። የመብራት ፍጆታው ባለፉት ወራት ያለ ግልጽ ምክንያት ጨምሯል። በመጨረሻም፣ ጨዋታው ካበቃ በኋላ እንደ ዘበት ጣል ተደርጎ፣ በታችኛው መታጠቢያ ቤት የብረቱን መክፈቻ እርጥብ እጅ ሲነካው «ትንሽ ትንሽ ይነዝራል» ተባለ።

ከእኛ በፊት ሁለት ባለሙያዎች አይተውታል። አንደኛው ታንከሩ ከውስጥ ስለዛገ በአዲስ ይተካ ብሎ ሄዷል። ሁለተኛው በርከት ያለ አቼቶ ታንከሩ ውስጥ አፍስሶ፣ ሌሊቱን አሳድሮ ጠዋት አስወጥቶታል፤ ከዚያ በኋላ ለጥቂት ሳምንታት የተሻለ መስሎ ነበር። የቤቱ እመቤት ይህን አስታውሰው የቧንቧ ሠራተኛችንን «ልጄ፣ እንደገና አቼቶ ብናደርግበትስ?» ሲሉት፣ «እትዬ፣ አቼቶ ኖራ ይበላል እንጂ ጭቃ አይበላም» አላቸው። ኖራ ያለው ውኃ ሲሞቅ ዕቃ ላይ የሚጋገረውን ቅርፊት ነው። በዚያ ሰዓት ይህ ገና ግምት ነበር፤ እውነትነቱን ለማረጋገጥ ማስረጃ መሰብሰብ ነበረብን።

በመጀመሪያ መብራቱ

ስለ ቆሻሻው ከማሰባችን በፊት የማሞቂያው ብሬከር እንዲጠፋ ተደረገ፣ ሥራው እስኪያልቅም ማንም እንዳያበራው በብሬከሩ ሳጥን ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ውኃ የነካ ሰው የሚነዝረው ከሆነ፣ የነዘሩ መጠን «ትንሽ» መሆኑ ምንም ዋስትና አይሰጥም፤ ዛሬ ጫማ አድርጎ የቆመ ሰው ነገ ባዶ እግሩን እርጥብ ወለል ላይ ይቆማል።

ኤለመንቱ ከታንከሩ ወጥቶ በመልቲሜትር ተለካ። 220 ቮልት ላይ 1,500 ዋት የሚስብ ኤለመንት በሁለቱ ጫፎቹ መካከል 32 ኦም ገደማ ሊያሳይ ይገባል፤ ይህም ደህና ነበር። ለዚህ ነው ሲያሞቅ የቆየው። ነገር ግን ከጫፉ እስከ ውጫዊው የብረት ልባሱ ድረስ ሜትሩ ምንም ግንኙነት ማሳየት ሳይገባው በጥቂት ሺህ ኦሞች የሚቆጠር ንባብ ሰጠ፤ ይህም ልባሱ ተበስቶ ኮረንቲው ወደ ውኃው እየወጣ መሆኑን ያሳያል። ኤለመንቱን አገላብጠን ስናየው ከአመድማው ቅርፊት ሥር የመርፌ ቀዳዳ የሚያህሉ ብስ ቦታዎች ተገኙ። የመሬት ሽቦው ቢኖር ኖሮ የሾለከውን ኮረንቲ ይወስደው ነበር፤ በግንኙነት ሳጥኑ ውስጥ ግን የመሬት ሽቦው ተቆርጦ በቴፕ ተጠቅልሎ ተገኘ፣ ማን ለምን እንደቆረጠው የሚያውቅ የለም። በቤቱ ውስጥ የሾለከ ኮረንቲ ሲኖር የሚቆርጥ ብሬከርም አልነበረም።

ኤለመንቱ ተተካ፣ የመሬት ሽቦው ከቤቱ የመሬት ዘንግ ጋር እንደገና ተያያዘ፣ ለማሞቂያው መስመርም በ30 ሚሊአምፔር ሽልከት የሚቆርጥ ብሬከር ተገጠመ። በእኔ ግምት ቤተሰቡ ገንዘብ ያጠረው ቢሆንና ከዚህ ሁሉ ጥገና አንዱን ብቻ መምረጥ ቢኖርበት፣ መመረጥ የነበረበት ይህ የመጨረሻው ነው።

ቡናማው ከየት መጣ?

ታንከሩ ዝጓል የሚለውን አስተያየት ለመቀበል አንድ ነገር ይከለክላል፦ የታንከሩ ውስጠኛ ክፍል ከማይዝግ ብረት የተሠራ ነው፣ ወደ እሱ የሚገቡትና ከእሱ የሚወጡት መስመሮችም በሙሉ የፒፒአር ፕላስቲክ ናቸው። ባልዲ ሙሉ ቡናማ ዝቃጭ ሊያመነጭ የሚችል ተራ ብረት በመንገዱ ላይ የለም።

ስለዚህ ሦስት ጥርት ያሉ የፕላስቲክ ጠርሙሶች ተወስደው አንዱ ከከተማው መስመር በቆጣሪው አጠገብ፣ አንዱ በቀጥታ ከጉድጓዱ ፓምፕ፣ አንዱ ከሙቅ ውኃው ቧንቧ ተሞልተው ክዳናቸው ሳይዘጋ እንዲያድሩ ተደረገ። የከተማው ውኃ ጠዋትም ጥርት እንዳለ ነበር። የሙቁ ውኃ ከመጀመሪያውም ቡናማ ነበር። አስተማሪው የጉድጓዱ ውኃ ነው፤ ሲቀዳ እንደ ከተማው ውኃ ጥርት ያለ የነበረው በማግሥቱ ቢጫማ ሆኖ፣ ከጠርሙሱ ሥር ቀይ ቡናማ ስስ ዝቃጭ አስቀምጦ ተገኘ።

ምክንያቱ የታወቀ ነው። አየር በማይደርስበት መሬት ውስጥ ያለ ብረት በውኃ ሟሙቶ ቀለም ሳያሳይ ይኖራል፤ ውኃው ወጥቶ ከአየር ጋር ሲገናኝ ግን የሟሟው ብረት ኦክሲጅን ይዞ ወደማይሟማ ቀይ ቡናማ ዝቃጭ ይለወጣል። ሙቀት ይህን ለውጥ ያፋጥነዋል። ስለዚህ ሮቶ ውስጥ በከፊል የጀመረው ዝቅጠት በሞቀው ታንከር ውስጥ ይጠናቀቃል። በዚህ ላይ የጅማ አካባቢ ቀይ የሸክላ አፈር አለ፤ የእጅ ጉድጓዱ አፍ ከመሬቱ እኩል በመሆኑ ክረምት ሲገባ የሚታጠበው አፈር ወደ ውስጥ ይወርዳል፣ ፓምፑም ያንኑ ይስባል። የቤቱ አባወራ ቡናማው የሚብሰው ዝናብ በሚበዛበት ወቅት መሆኑን ቀደም ብለው አስተውለው ነበር፤ ከዝናቡ ጋር የሚያገናኘው ምን እንደሆነ ግን የጠየቃቸው አልነበረም።

ከታንከሩ ሥር የተወሰደ ዝቃጭ በሁለት ቀላል መንገዶች ተፈተነ። በላስቲክ የተጠቀለለ ማግኔት ሲቀርብለት አልተሳበም፤ ይህ ብቻውን ማስረጃ ባይሆንም፣ ዝቃጩ በዝግ ማሞቂያዎች ውስጥ ከሚገኘው ጥቁር ኦክሳይድ የተለየ መሆኑን ይጠቁማል። አቼቶ ሲንጠባጠብበትም አረፋ አላወጣም። ከኤለመንቱ ላይ የተፋቀው አመድማ ቅርፊት ግን አቼቶ ሲነካው ፈላ፣ ኖራነቱም ታወቀ። ስለዚህ በታንከሩ ውስጥ ሁለት ዓይነት ቆሻሻ ነበረ ማለት ነው፤ ጥቂት ኖራ በኤለመንቱ ላይ፣ ብዙ የብረትና የሸክላ ጭቃ በሌላው ሁሉ ላይ። የቀድሞው አቼቶ ለጊዜው የረዳው የመጀመሪያውን ጥቂት ስላነሣና ታንከሩ ሲፈስስ ከላይ ያለው ጭቃ አብሮ ስለወጣ ነው።

ሙቀቱ ለምን አነሰ? ፍጆታው ለምን በዛ?

እያንዳንዱ የመስታወት ቱቦ ከሁለት ሊትር ተኩል በላይ ውኃ ይይዛል፣ የታችኛው ጫፉም ድፍን ነው። በታንከሩ ውስጥ የሚዘቅጥ ነገር ሁሉ የሚወርድበት ሌላ ጉድጓድ ስለሌለው ወደ ቱቦዎቹ ይወርዳል። ቱቦዎቹ ሲወጡ በብዙዎቹ ሥር ከክንድ ያላነሰ ቁመት ያለው ቀይ ጭቃ ተቋጥሮ ነበር። ጭቃ የሞላው ክፍል ላይ ፀሐይ ብታርፍም ሙቀቱን ይዞ ወደ ላይ የሚወጣ ውኃ ስለሌለ ያ ክፍል እንደሌለ ይቆጠራል።

ለፍጆታው መብዛት ግን ጭቃው ዋነኛው ተጠያቂ አይደለም። ፀሐዩ እያነሰ ሲመጣ ቤተሰቡ ኤለመንቱን ቀንና ሌሊት ክፍት ማድረግ ጀምሮ ነበር። 200 ሊትር ውኃ ከ18 ዲግሪ ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ 9.8 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ያስፈልጋል፤ 1.5 ኪሎዋት ኤለመንት ይህን ለመፈጸም ስድስት ሰዓት ተኩል ይፈጅበታል። ማታ ሁሉም ታጥበው ሲያበቁ ታንከሩ በቀዝቃዛ ውኃ ይሞላል፣ ኤለመንቱ ሌሊቱን ሙሉ ያሞቀዋል፣ ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ታንከሩ ሞቆ ይጠብቃታል። ፀሐዩ የሚያሞቀው ቀዝቃዛ ውኃ አጥቶ ቀኑ ይመሻል፤ ቤተሰቡ ፀሐይ በነፃ የምትሰጠውን በኮረንቲ ይገዛል። ይህ ስሌት ለአባወራው ወረቀት ላይ ሲጻፍላቸው ከጽዳቱ ሥራ ሁሉ ይልቅ ያሳመናቸው እሱ ነበር።

የጽዳቱ ሂደት

ሥራው የተያዘው በጥር ሲሆን፣ የተጀመረውም ፀሐይ ቱቦዎቹን ሳትመታ ማለዳ ነው። ቱቦዎቹ ከዋዜማው ጀምሮ በሸራ ተሸፍነው አድረዋል። ይህ ቅንጦት አይደለም፤ ባዶውን ፀሐይ ላይ የዋለ ቱቦ ከ200 ዲግሪ በላይ ሊግል ይችላል፣ በዚያ ሰዓት ቀዝቃዛ ውኃ ቢገባበት ይሰነጠቃል። የቆርቆሮው ጣሪያ በማለዳ ጤዛ ስለሚያዳልጥ ደግሞ መወጣጫው ታስሮ፣ ሠራተኛውም በገመድ ተይዞ ነበር የወጣው።

ታንከሩን ከማፍሰሳችን በፊት የአየር መተንፈሻው ታየ። ከታንከሩ አናት የምትወጣው ቱቦ ተርብ በሠራው የጭቃ ቤት ሙሉ በሙሉ ተደፍና ተገኘች። ይህች ትንሽ ነገር ታንከሩን ልታጠፋው ትችል ነበር። ውኃ ከ18 ወደ 60 ዲግሪ ሲሞቅ መጠኑ በ1.5 ከመቶ ገደማ ይጨምራል፣ 200 ሊትር ላይ ሦስት ሊትር ያህል መሆኑ ነው፤ እንፋሎቱም አለ። ይህ ዓይነቱ ታንከር ግፊት እንዲሸከም አልተሠራም። በተቃራኒው መተንፈሻው ተዘግቶ ሳለ ውኃው በፍጥነት ቢፈስስ የሚተካው አየር ስለማይገባ ስሱ ቆርቆሮ ወደ ውስጥ ሊጨማደድ ይችላል። መተንፈሻው ተጠርጎ አፉ ላይ ነፍሳት የማያስገባ ሽቦ ወንፊት ታሰረበት፤ ማፍሰሱ የተጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።

መጀመሪያ የወጣው ቡናማ ውኃ ነበር፣ ቀጥሎ ወፈር ያለ ቀይ ጭቃ፣ በመጨረሻም የኖራ ስንጥርጣሪ። ቱቦዎቹ አንድ በአንድ ወጥተው በረጅም እጀታ ብሩሽና በንጹሕ ውኃ ታጠቡ፤ በሽቦ ብሩሽ መፋቅ መስታወቱን ስለሚቧጭር የተከለከለ ነው። አንደኛው ቱቦ ሥር ላይ እንደ ፊት መስታወት ማብረቅ ያለበት ብርማ ሽፋን ነጭ ሆኖ ተገኘ። ይህ በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል ያለው ባዶ ቦታ አየር እንደገባበት የሚያሳይ እርግጠኛ ምልክት ስለሆነ ቱቦው ተተካ። ሲገጠሙ የጎማ ቀለበቶቹ በሳሙና ውኃ እንዲለሰልሱ ተደረገ፤ ብዙ ሰው ለዚህ የሞተር ዘይት ወይም ግሪስ ይቀባል፣ ሁለቱም ግን ጎማውን ያበላሹታል፣ ሽታቸውም በውኃው ይቀራል።

የማግኒዥየም ዘንጉ ከመሐል ሽቦው በስተቀር ምንም አልቀረለትም ነበር። ዘንጉ የሚበላው በታንከሩ ፈንታ ነውና እንዲህ ማለቁ በራሱ ብልሽት አይደለም፤ ችግሩ ማለቁን ያየ ሰው አለመኖሩ ነው። በአዲስ ተተካ። አሮጌው ኤለመንት ስለተጣለ አቼቶ የተጠቀምነው በቴርሞስታቱ ኪስና በመውጫው ቫልቭ ላይ ለተጋገረው ጥቂት ኖራ ብቻ ነው።

ሮቶውም አልተዘለለም። ከሥሩ ሦስት ጣት የሚያህል ደለል ነበረበት፣ ወደ ማሞቂያው የሚወስደው መውጫም እዚያው ደለሉ ላይ ነበር። ታጥቦ ከተፋቀ በኋላ ግማሽ ድረስ ተሞልቶ፣ ለ500 ሊትር ውኃ 5 ከመቶ ክሎሪን ያለው በረኪና ግማሽ ሊትር ተጨምሮበት አደረ፤ ይህ በአንድ ሊትር ውኃ 50 ሚሊግራም ክሎሪን ይሰጣል። ወደ ማሞቂያው የሚወስደው ቫልቭ ግን ጥብቅ ተደርጎ ተዘጋ፣ እንዲህ የጠነከረ ክሎሪን የማይዝገውን ብረት ሳይቀር ስለሚያጠቃ። በረኪናና አቼቶ በአንድ ቀን በአንድ ጣሪያ ላይ ሲኖሩ መጠንቀቅ የሚገባው ሌላም ነገር አለ፤ ሁለቱ ከተቀላቀሉ መርዘኛ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ስለዚህ የአቼቶው ሥራ አልቆ ዕቃው ከወረደ በኋላ ነው በረኪናው የወጣው። በመጨረሻ መውጫው ከሮቶው ሥር አንድ ጋት ያህል ከፍ እንዲል ተደረገ፣ ለደለሉ ደግሞ ከሥር የራሱ ማፍሰሻ ተበጀለት።

የጉድጓዱ ውኃ

እስከዚህ ድረስ የተሠራው ሁሉ ጉድጓዱ እንዳለ ቢቀጥል በአንድ ክረምት ውስጥ ከንቱ ይሆን ነበር። ከሁሉ የሚሻለው የጉድጓዱን ውኃ ከማሞቂያው ፈጽሞ መለየትና ለመጸዳጃ ቤት፣ ለግቢና ለልብስ የመጀመሪያ እጥበት ብቻ ማዋል ነበር፤ ይህ ግን ሁለተኛ ሮቶና አዲስ መስመር ይጠይቃል፣ የከተማው ውኃ ረዘም ላለ ጊዜ ሲጠፋም ቤቱ ያለ ሙቅ ውኃ ይቀራል። ቤተሰቡ የመረጠው መካከለኛውን መንገድ ነው። ከጉድጓዱ የሚመጣው ውኃ በተበሳሳ ቧንቧ በኩል እንደ ዝናብ እየተንጠባጠበ 200 ሊትር በርሜል ውስጥ ይወርዳል፤ በርሜሉ ከታች ጠጠር፣ በላዩ ሻካራ አሸዋ፣ ከዚያም በደንብ የታጠበ ደቃቅ የወንዝ አሸዋ ተሞልቷል። ሲንጠባጠብ የሚያገኘው አየር ብረቱን ያዘቅጠዋል፣ አሸዋው ይይዘዋል፣ የተጣራው ወደ ሮቶው ይወጣል። የጉድጓዱ አፍ ደግሞ በሲሚንቶ ከመሬቱ ከፍ ተደርጎ ክዳን ተሠራለት።

በርሜሉ ለሁሉም ቤት ይሠራል ለማለት አልደፍርም። የውኃው አሲድነት ከፍ ያለ ከሆነ ብረቱ በአየር ብቻ ቶሎ አይዘቅጥም፤ በዚህ ቤት ግን የጠርሙሱ ሙከራ ሲደገም ከበርሜሉ የወጣው ውኃ በማግሥቱም ጥርት ብሎ ተገኝቷል። በርሜሉ ብረትና አፈር እንጂ ጀርም ስለማያስቀር የሚጠጣው ውኃ እንደ ቀድሞው ይፈላል።

ከጥገናው በኋላ

ኤለመንቱ አሁን በሰዓት መቆጣጠሪያ ከሌሊቱ 10 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ብቻ ይበራል። በዚህ ጊዜ የሚጨምረው 3 ኪሎዋት ሰዓት የ200 ሊትሩን ሙቀት በ13 ዲግሪ ገደማ ከፍ ያደርገዋል፤ ፀሐይ ከዋለችበት ቀን ለተረፈው ውኃ ይህ ይበቃል። መቆጣጠሪያው ሲመረጥ ባትሪ ያለው እንዲሆን አጥብቀን ተከራክረናል። በጥርስ የሚዞረው ርካሹ ዓይነት መብራት በጠፋ ቁጥር አብሮ ስለሚቆም ሰዓቱ ወደ ኋላ ይቀራል፣ ጥቂት መቋረጥ ካጋጠመውም ኤለመንቱን እኩለ ቀን ላይ ሊያበራው ይችላል። ቴርሞስታቱ 60 ዲግሪ ላይ ተደርጓል። ቁጠባ ፈልጎ 40 ላይ ማድረግ ጥሩ አይደለም፤ ሳንባን የሚጎዳው ሌጂዮኔላ የተባለው ባክቴሪያ ከ20 እስከ 45 ዲግሪ ባለ የቆመ ውኃ ውስጥ ይራባል። ደመና በተከታታይ በዋለበት ሳምንት ቢያንስ አንድ ሌሊት ኤለመንቱ ታንከሩን 60 እስኪያደርስ እንዲቆይ ተነግሯል። 60 ዲግሪ የደረሰ ውኃ በሴኮንዶች ውስጥ እንደሚያቃጥል፣ ፀሐይ በበረታ ቀንም ታንከሩ ከዚህ በላይ እንደሚሞቅ ለተከራዮቹ ጭምር ስለተነገረ፣ ቀዝቃዛውን አስቀድሞ መክፈት የቤቱ ደንብ ሆኗል።

ከጽዳቱ በኋላ በነበሩት የበጋ ሳምንታት ሰባቱም ሰዎች ማታና ጠዋት ተከፋፍለው ሲታጠቡ ውኃው በቅቷል፤ ነዘሩ የለም፤ ቡናማው የታየው መስመሩ ውስጥ የቀረው እስኪታጠብ ድረስ ብቻ ነበር። የመብራት ፍጆታውም ቀንሷል፣ ሆኖም ከበጋ ወር ጋር የተነጻጸረ ስለሆነ የክረምቱን ሳናይ መጠኑን መናገር ተገቢ አይሆንም።

አንድ ነገር ሳይሠራ ቀርቷል። ማሞቂያው የተቀመጠበት የብረት እግር ቱቦዎቹን 45 ዲግሪ አዘንብሎ ወደ ደቡብ ያዞራቸዋል፤ ይህ ከምድር ወገብ ርቀው ላሉ አገሮች የተሠራ ልክ ነው። ጅማ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7.7 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ የቀትር ፀሐይ የምትቆመው ከአናታችን ወደ ሰሜን ነው። በሰኔ አጋማሽ ቀትር ላይ ጨረሩ እነዚህን ቱቦዎች የሚያገኛቸው በጣም ተንጋዶ ስለሆነ ከቀጥተኛው ጨረር ግማሽ ያህሉ ይባክናል፣ ያውም ደመናው ሳይቆጠር። ዝንባሌው ወደ 20 ዲግሪ ቢወርድ ዓመቱን ሙሉ የተሻለ ይሰበስባል፣ የውኃውም ዑደት አይታወክም። ነገር ግን እግሩን ቆርጦ መበየድና የጣሪያውን ማገር ማጠናከር ስለሚያስፈልግ ቤተሰቡ ለሚመጣው በጋ አስተላልፎታል።

እስከዚያ ድረስ የቤቱ ታላቅ ልጅ በየወሩ ከታንከሩ ማፍሰሻ አንድ ባልዲ ውኃ እየቀዳ ቀለሙን ያያል፣ የሽልከት ብሬከሩን የመሞከሪያ ቁልፍ ይጫናል፣ የበርሜሉ ውኃ መውረድ ሲዘገይ የላይኛውን አሸዋ አውጥቶ ያጥባል። የማግኒዥየም ዘንጉ በየዓመቱ ጥር ላይ ይታያል። ባልዲው ውስጥ እንደገና ቀይ ዝቃጭ ከታየ መጀመሪያ የሚፈተሸው በርሜሉ ነው፤ ታንከሩ ከዚያ በኋላ ይመጣል።